ያላስተማርንበት ማሽን

እ.ኤ.አ. በ1997 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ማሽን ሥራ ጀመረ። ኮባልት 60 ይባላል። ካንሰርን በጨረር ያክማል። በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ የመጣ፣ ለአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የጨረር ሕክምና ማለት ያ ግቢ ብቻ ሆነ። ከሞያሌ የመጣውም፣ ከመተማ የመጣውም፣ ከጅግጅጋ የመጣውም የሚገባው በዚያው በር ነበር። መቶ ሚሊዮን ሕዝብ፣ አንድ በር።

ስለዚያ ማሽን ብዙ ብለናል። ተበላሸ ብለናል። አረጀ ብለናል። ሌላ ይገዛ ብለን ጮኸናል። እውነት ነው፤ ተበላሽቷል፣ አርጅቷል፣ ሌላም ያስፈልግ ነበር። ግን ያ ክፍል ትምህርት ቤትም ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የተከፈተ፣ መሣሪያው የተተከለለት፣ ሕመምተኛ በየቀኑ የሚሰለፍበት፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚሠሩበት ትምህርት ቤት። እኛ ማሽን ብቻ አየን።

ሐኪሙን ማስተማር ዘግይተንም ቢሆን ጀመርን። የሕክምና ፊዚክስ የሚያጠኑም ተገኙ። ሕመምተኛውን አልጋው ላይ አስተካክሎ ጨረሩን የሚሰጠው ባለሙያ ግን ከወረፋው መጨረሻ ቆመ። ለረጅም ዓመታት ያን ሥራ የተሸከሙት ከራጅ ክፍል የመጡ ሰዎች ናቸው። እያዩ ለመዱት፣ እየሠሩ ተማሩት። አንዳንዱ ውጭ አገር ሄዶ ሠልጥኖ ተመልሷል። እግዜር ይስጣቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ያ በር ተዘግቶ ይቀር ነበር። ከእነሱ ጎን ግን ማንን አስቀመጥን? ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣው ማን ነው ብለን በጊዜ ጠየቅን?

አልጠየቅንም። ምክንያቱም ሥራውን ናቅነው። አዝራር መጫን መሰለን።

እስቲ ሥራውን እንየው። ሐኪሙ ያዛል፤ ይህን ያህል ጨረር፣ እዚህ ቦታ፣ በዚህን ያህል ቀን ይላል። ፊዚሲስቱ ያሰላል። ከዚያ ሕመምተኛዋ ትገባለች። የማኅፀን በር ካንሰር አለባት እንበል። አልጋው ላይ የሚያስተኛት የጨረር ሕክምና ባለሙያው ነው። ቆዳዋ ላይ የተደረገውን ምልክት ከግድግዳው ከሚመጣው የሌዘር መስመር ጋር በሚሊ ሜትር የሚያገጣጥመው እሱ ነው። ትናንት የተኛችበትን አኳኋን ዛሬም ነገም መልሶ የሚያመጣው እሱ ነው። ለእሷ ከውጭ የሚሰጠው ጨረር አብዛኛውን ጊዜ 25 ቀን ይፈጃል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አምስት ሳምንት። ሃያ አምስት ጊዜ ያችኑ ቦታ መምታት ማለት ነው። ትንሽ ወደ ፊት ቢሸሽ ፊኛዋን ያቃጥላል። ትንሽ ወደ ኋላ ቢሄድ አንጀቷን። ጨርሶ ቢስት ካንሰሩ ሳይነካ ይቀራል፣ እሷም ታከምኩ ብላ አገሯ ትገባለች።

ሌላም አለ። ሐኪሟን በሳምንት አንድ ቀን ብታገኘው ነው። ይህን ሰው ግን በየቀኑ ታገኘዋለች። መክሳቷን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ቆዳዋ መቁሰል መጀመሩን፣ ተቅማጡ እንደጠናባት፣ ያረፈችበት ቤት ኪራይ አልቆባት ነገ ልትቀር እንደምትችል ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ቀረች ማለት ደግሞ ቀልድ አይደለም። የእሷ ሕክምና ከውስጥ ከሚሰጠው ጨረር ጋር ተደምሮ በስምንት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። ቀኑ በተጎተተ ቁጥር የመዳን ዕድሏ ይወርዳል። «እህቴ፣ ነገ እንዳትቀሪ» የሚላት ሰው ከመድኃኒቱ እኩል መድኃኒት ነው። ከዚያ እሱ ይወጣል፤ ወፍራሙ በር ይዘጋል፤ በካሜራ እያያት፣ በማይክሮፎን እያናገራት ጨረሩን ይለቃል።

ለዚህ ሰው የአካል ክፍሎችን ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልገዋል። ፊዚክስ ያስፈልገዋል። ጨረር ሕዋስን እንዴት እንደሚገድልና ጤነኛው ሕዋስ እንዴት እንደሚያገግም ማወቅ አለበት። ከሁሉም በላይ «ቆይ፣ ይህ ነገር ልክ አይደለም» የሚል ዓይንና ድፍረት ያስፈልገዋል። ያ ዓይን በትምህርት እንጂ በዘልማድ ብቻ አይመጣም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ኮስታ ሪካ፣ ሳን ሆሴ ውስጥ የአንድ ኮባልት ማሽን የጨረር ምንጭ በአዲስ ተቀየረ። አዲሱ ምንጭ ሲለካ 0.3 ደቂቃ የሚለው 30 ሰከንድ ተብሎ ተያዘ። 0.3 ደቂቃ 18 ሰከንድ ነው። ስህተቷ ይህችው ናት። 115 ሕመምተኞች ከታዘዘላቸው በላይ እጅግ የበዛ ጨረር ወሰዱ። የሞቱ አሉ። አስቡት፤ አሮጌ ምንጭ በአዲስ ሲተካ የሕክምናው ደቂቃ ማጠር አለበት። በሚገባው ልክ ካላጠረ የሆነ ነገር ተሳስቷል። ይህን ማሽኑ ፊት ቆሞ የሚያስተውል የሠለጠነ ሰው ስንት ነፍስ ያድን ነበር? ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ፓናማ ውስጥ መረጃ ወደ ኮምፒዩተር የሚገባበት መንገድ ተሳስቶ 28 ሰዎች ከልክ በላይ ተመቱ። አዝራር ተጫኚ ያልነው ሰው የመጨረሻው ዘብ ነው። ከእሱ በኋላ ማንም የለም። ጨረሩ ብቻ ነው ያለው።

ይህን ዓለም ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ይህን ሥራ ለመሥራት በአብዛኛው ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ይዞ የአገሪቱን የሙያ ፈተና ማለፍ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ባለሙያ አብረው ይቆማሉ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያያል፣ ያረጋግጣል። እኛም እናውቀው ነበር። መጽሐፉ ወጥቷል። ሥርዓተ ትምህርቱ በዚያው በአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው ተዘጋጅቶ ታትሟል። ከእኛ የሚጠበቀው አንሥቶ ማስተማር ነበር።

ኮባልቱ ራሱ ጊዜ ሰጥቶን ነበር። በግልጽ ቋንቋ ነግሮን ነበር። ኮባልት 60 በየ5.27 ዓመቱ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ በወር አንድ በመቶ ገደማ ማለት ነው። ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ሕክምና ምንጩ ካልተቀየረ ከአምስት ዓመት በኋላ ስድስት ደቂቃ ይሆናል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ አሥራ ሁለት። ደቂቃው ሲረዝም በቀን የሚታከመው ሰው ያንሳል። ተራው ይረዝማል። ይህ እንቆቅልሽ አልነበረም። ማሽኑ የገባው የሚደክምበት ቀን ተጽፎለት ነው። በምን እንደሚተካም ይታወቅ ነበር። ሊኒያር አክስለሬተር ይመጣል፤ የሚደክም ምንጭ የሌለው፣ ጨረሩን በኤሌክትሪክ የሚያመነጭ፣ ከሕክምናው በፊት ፎቶ የሚያነሣ፣ በኮምፒዩተር የሚመራ። እሱ ደግሞ ከኮባልቱ የበለጠ የተማረ እጅ ይፈልጋል። ማሽን በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ለመድረስ ሳምንታት ይበቁታል። ሰው ግን አራት ዓመት ይፈልጋል። ታዲያ የትኛውን አስቀድመን ማዘዝ ነበረብን?

በዓመት አሥር ተማሪ እንበል። አሥር ብቻ። የጥቁር አንበሳን ግቢ ለሚያውቅ ሰው አሥር ተማሪ ምንም አይደለም፤ ካፌው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አይሞሉም። አሥር በሃያ ዓመት ሁለት መቶ ነው። ግማሹ ይሰደድ፤ የምንኖርበትን አገር እናውቀዋለንና ግማሹ ይሂድ። መቶ ይቀራል። ለአንድ ማሽን አራት ሰው ብንመድብ ለሃያ አምስት ማሽን ይበቃል። ሃያ አምስት! ዛሬ አንድ አዲስ ማሽን ሲተከል ማን ይያዘው ብለን የምንጨነቅ ሰዎች ለሃያ አምስት የሚበቃ ሰው በእጃችን ይኖር ነበር።

ይህ ሕልም ነው የሚል አለ? ጋናን እንይ። አክራ ያለው የኮርሌ ቡ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የጀመረው በዚያው በ1997 ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ኤጀንሲ ድጋፍ። መነሻችን አንድ ነበር ማለት ነው። ጋና ሕዝቧ የእኛ ሩብ ገደማ ነው። ግን ጥቂት ዓመት ቆይታ ኩማሲ ላይ ሁለተኛ ማዕከል ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2006 የጋና ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ጋር ሆኖ የኑክሌር ሳይንስ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሳይቀር ተማሪ ይቀበላል። የጨረር ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጋም በዲግሪ ታስተምራለች። እነሱ ማሽኑን ሲቀበሉ ትምህርት ቤት አዩበት። እኛስ?

እሺ፣ ጋና ሩቅ ናት። ኡጋንዳስ? እ.ኤ.አ. በ2016 ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል የነበረው የአገሪቱ ብቸኛ ኮባልት ማሽን ላይጠገን ተሰበረ። ኡጋንዳ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ጨረር ሕክምና ቀረች። ዜናውን ሰማን። «ምስኪኖች» አልን። እኛም በዚያው በአንድ በር ላይ ተሰልፈን እንደነበር አልታየንም።

ማሠልጠን አናውቅም ነበር እንዳንል ደግሞ እናውቃለን። ይህ ነው የሚያንገበግበው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመርን። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥነን፣ ደመወዝ ቆርጠን፣ ቀበሌ ድረስ ላክን። ዓለም መጥቶ ከእኛ ተማረ። ቀዶ ሐኪም ሲያጥረን ጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ ቀዶ ሕክምና አስተማርን፤ ምጥ የያዛትን እናት በየገጠሩ ሆስፒታል አዳኑ። እንችል ነበር ማለት ነው። ሰላሳ ሺህ ሰው ያሠለጠነ አገር አሥር ሰው ማሠልጠን ያቅተዋል? አላቃተንም። አላሰብነውም።

ደግሞም ያ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ዘመን ነበር። በየክልሉ ዩኒቨርሲቲ ከፈትን፤ ከአርባ አለፉ። ከመቶ ተማሪ ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ብለን ወሰንን። ሲቪል ምሕንድስና በያለበት። ኤሌክትሪካል ምሕንድስና በያለበት። ዲግሪውን ይዞ ሥራ ፍለጋ ከቦርድ ቦርድ የሚዞረውን ልጅ ዛሬ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእነዚያ ሁሉ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ይህን ሙያ ገና በጠዋት «የእኔ ነው» ብሎ የያዘ ማን ነው? አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጥሩ ውጤት ይዛ ለጨረሰች ልጅ «ሐኪም ሁኚ» አልናት። «ኢንጂነር ሁኚ» አልናት። ካንሰርን ፊት ለፊት የሚዋጋ፣ ዓለም ሁሉ የሚፈልገው፣ አገሯም የተራበችው ሌላ ሙያ እንዳለ የነገራት ሰው አለ? ስሙን እንኳ ሰምታ ታውቃለች?

ይባስ ብሎ፣ ከዓመታት በኋላ የተመረቁ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሥራ አጥተው ቤት ተቀመጡ። ሐኪሞች ሳይቀሩ ምደባ ጠበቁ። ማሽን ባለበት እጅ ጠፋ፤ እጅ ባለበት ሥራ ጠፋ። ይህን ዕቅድ ማን እንዳወጣው ልንጠይቅ እንችላለን። ግን በየስብሰባው ያጨበጨብነው እኛ አይደለንም?

እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሚሠራ ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ ወጣ። ጥሩ ነበር፤ ዕቅድ የለንም የሚያሰኝ ጊዜ አልፎ ነበር። ጅማ፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ሐሮማያ፣ ሐዋሳ ማዕከል ይኖራቸዋል ተባለ። ደስ አለን። ከዚያ የኮንክሪቱ ነገር መጣ። ጨረር የማያሳልፍ ክፍል ግድግዳው ከአንድ ሜትር ይወፍራል፤ እንደ ተራ ቤት አይሠራም። ግንባታው ተጓተተ። ዓመት ሄደ፣ ሌላ ዓመት ሄደ። መቀሌ ላይ ጦርነት መጣ። ጅማና ሐሮማያ ሥራ የጀመሩት የዕቅዱ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

በግንባታው መጓተት ሁላችንም ተናድደናል። ተገቢ ነው። ግን አንድ ነገር አስተዋልን? መዘግየቱ ራሱ ዕድል ነበር። ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ድረስ አንድ ሙሉ የተማሪ ዙር ገብቶ ይመረቅ ነበር። ኮንትራክተሩ ሲያዘገየን እኛ ማስተማር እንችል ነበር። ማስተማር ሲሚንቶ አይጠይቅም። የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ባንክ ላይ ተኝቶ ሲጠብቅ፣ ዕቃው ጉምሩክ ሲጠብቅ፣ ኮንቴይነሩ ሲጠብቅ፣ ተማሪው መጠበቅ አልነበረበትም። እኛ ግን ሁሉንም አብረን አስጠበቅን። ግድግዳው እስኪያልቅ ሰውንም አዘገየን። ከዚያ ግድግዳው አልቆ ማሽኑ ሲበራ ዞር ብለን «ማን ይሠራዋል?» አልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እስከዚያው ሰው ተራ ይጠብቅ ነበር። ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሆነ ጊዜ ጨረር ያስፈልጋቸዋል። እዚህ አገር ሴቶችን በብዛት የሚይዙት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ሁለቱም ጨረር የሚፈልጉ። አንዲት እናት ከገጠር ትመጣለች። ላም ሸጣ ነው፣ ወይ ልጆቿ አዋጥተው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ላይ ነሽ፣ ትድኛለሽ ትባላለች። ቀጠሮ ይሰጣታል። ቀጠሮው ከወራት በኋላ ነው፤ ለአንዳንዷ ዓመት ያለፈ። ካንሰሩ ግን ቀጠሮ አያከብርም። ተራዋ ሲደርስ ደረጃው ሦስት ሆኗል፣ አራት ሆኗል። አሁን የሚሰጣት ጨረር የሚያድናት ሳይሆን ሕመሙን የሚያስታግስላት ነው። ማሽን ስላነሰ ብቻ ነው? አንድ ማሽን ሁለት ፈረቃ፣ ሦስት ፈረቃ ሊሠራ ይችላል። በቂ እጅ ካለ። ማታ ሊሠራ ይችላል። ቅዳሜ ሊሠራ ይችላል። ሰው ካለ። ማሽን ሲያንሰን ሰው ብናበዛ ኖሮ ያንኑ ማሽን እናበዛው ነበር።

ሰው ያለውስ? ሰው ላለው ተሰበሰበለት። ለታዋቂ ሰው፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባ ገንዘብ አዋጣን። የባንክ ሒሳብ ቁጥር በየስልካችን ተላላክን። ወደ ሕንድ፣ ወደ ባንኮክ፣ ወደ ናይሮቢ ሸኘን። ቤት ሸጦ የሄደ አለ። ማዋጣቱ መልካም ነው፤ ወገን ማለት ያ ነው። ግን እስቲ እናስብ። እዚያ ደርሶ አልጋ ላይ የሚያስተኛው፣ ምልክቱን የሚያገጣጥምለት፣ ጨረሩን የሚለቅለት ሰው ማን ነው? የሠለጠነ ሕንዳዊ ልጅ። አገሩ ያስተማረው። እኛ በውጭ ምንዛሪ የምንከፍለው ለእሱ ትምህርት ነው። አንድ ሕመምተኛ ለመላክ ያዋጣነው ስንት የእኛን ልጅ ያስተምር ነበር?

የእኛዎቹስ የት ሄዱ? ሄዱ። ሜሪላንድ ሄዱ፣ ቨርጂኒያ ሄዱ፣ ገልፍ ሄዱ። አንዳንዱ እዚያ ኮሌጅ ገብቶ እንደ አዲስ ተማረ፤ ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ሆስፒታሎች ውስጥ የእኛ ልጆች ሞልተዋል። ሲሄዱ «ከዳተኞች» ያልናቸው አለን። ምን አስቀርተንላቸው ነበር? የሙያ ደረጃ ሠራንላቸው? በዚያ ሙያ የሚያድጉበት እርከን ነበራቸው? ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ትናንት ከገባው ልጅ የሚለይበት ምን ነበር? ደመወዛቸው ልጅ ያሳድግ ነበር? አንድ ሰው ማሽን ይዞ ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ሲያስተናግድ ውሎ፣ በወር መጨረሻ የሚያገኘው ለቤት ኪራይ ካልበቃው መሄዱ ይገርማል? መቆየቱ ነው የሚገርም። ከሄዱትም ለጥቂት ሳምንት ቢሆን መጥተው ሊያስተምሩ የሚፈልጉ ይኖራሉ። ጥሩን፣ እንመጣለን የሚሉ። የሚጠራቸው ትምህርት ቤት የት ነበር?

ወደ ትልቁ ነገር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ያ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አፍሪካ ውስጥ የካንሰር ጨረር ሕክምናን ለማስፋፋት አንድ ትልቅ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። የት? አዲስ አበባ ላይ። የአፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ። ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች አንድም የጨረር ሕክምና የላቸውም ተባለ። አንድም! መሪዎች አጨበጨቡ። ከዚያ አዳራሽ እስከ ጥቁር አንበሳ በታክሲ የምታልቅ መንገድ ናት። እስቲ በዚያ ቀን ሌላ አገር ሆነን እናስብ። ሃያ አምስት ዓመት የጨረር ሕክምና ያስተማረች አገር። ለሶማሊያ፣ ለጅቡቲ፣ ለደቡብ ሱዳን ባለሙያ የምታሠለጥን አገር። እንግዶቹ ስብሰባቸውን ጨርሰው «ትምህርት ቤታችሁን አሳዩን» የሚሏት አገር። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ፣ በአውሮፕላን ከየትኛውም የአፍሪካ ከተማ የምትደረስ፣ ማሽኑን ከብዙዎቹ ቀድማ ያገኘች። ምን ጎደለን? ምን ነበር የጎደለን? ዓመቱ ነበር። ማሽኑ ነበር። ሕመምተኛው ነበር። ተማሪውም ሞልቶ ነበር። እንግዶቹ መጥተው ሄዱ፤ እኛ የምናሳየው ሰልፍ ብቻ ነበር።

አሁንም ስለ ማሽን ነው የምናወራው። ምርቃት ሲሆን ሪባን የሚቆረጠው ለማሽን ነው። ካሜራው የሚያነሣው ማሽን ነው። ዋጋው በዶላር ይነገራል። ማሽኑ ፊት የሚቆመው ሰው በዜናው ውስጥ የለም፤ ስንት እንደሆነ አይነገርም፣ የት እንደተማረ አይጠየቅም። የገዛነው ማሽን ሲበላሽ አዲስ ማሽን እንገዛለን። ሰው ስናጣ ግን ዝም እንላለን፤ ሰው በጨረታ አይገዛምና።

እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ግን በዝምታችን እየሄዱ ነው። ከራጅ ክፍል መጥተው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ያንን ኮባልት የተረከቡት ሰዎች ዛሬ የጡረታ ዕድሜ ላይ ናቸው። ስንት ሺህ ሕመምተኛ በእጃቸው አልፏል? መብራት ሲጠፋ በሕክምና መካከል ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። አማርኛ የማትችል እናት ሳትፈራ እንድትተኛ እንዴት እንደምትደረግ ያውቃሉ። ምንጩ ሲደክም ደቂቃውን እንዴት እንደሚያራዝሙ፣ የትኛው ሕመምተኛ አቋርጦ ሊሄድ እንደሆነ ከፊቱ ያውቃሉ። ይህ በየትኛውም የውጭ መጽሐፍ ውስጥ የለም። ማን ጻፈው? ማን ቀዳው? ከጎናቸው ቆሞ የተማረው ልጅ ስንት ነው? ጡረታ ሲወጡ ኬክ እንቆርሳለን። የምስጋና ወረቀት በመስታወት አድርገን እንሰጣለን። አንድ ካባም እንደርባለን። ንግግር እናደርጋለን፤ ስለ ትጋታቸው፣ ስለ ትሕትናቸው። ከዚያ ሁሉ ንግግር አድራጊ መካከል ማነው እጁን አውጥቶ «ይህ ሰው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ዓመት ጨምሩለት፣ ሃያ ተማሪ ፊቱ አስቀምጡ» ያለው? ማነው?